ለእናቴ የመጡ ሽማግሌዎች

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም። የታሰረ ወይም የተካደ ሰውም የለበትም። አንዲት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ለጡት ምርመራ ተመልሰሽ ነይ ተባለች፣ እምቢ አለች፣ ከዚያ ሰዎች ቤቷ ድረስ መጥተው ለመኗት። ይኸው ነው። ለአንዲት የክፍሌ ልጅ ስነግራት «እና ከዚያስ?» ብላ ጠበቀችኝ፤ የምጨምርላት አልነበረኝም። ግን ሌላ ነገር ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይህ ስለሆነ በቅድሚያ እሱን ላውርደው ብያለሁ። በምችለው መጠን እንደነበረ እጽፈዋለሁ።

እኔና እናቴ በሰው አገር፣ ሬክስዴል በሚባል የከተማ ዳርቻ ሰፈር ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው። እሷ መሀል ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ብዙ ሀበሻ አለ፤ በጽዳት፣ በወጥ ቤት፣ በአንሶላ ክፍል። የምሳ ሰዓታቸው ሲገጥም ምድር ቤት ባለው የሠራተኞች ክፍል አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እናቴ ስለዚያ ጠረጴዛ ስታወራ ስለ ዘመዶቿ የምታወራ ነው የሚመስለው።

ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ሆስፒታሉ ከአርባ ዓመት በላይ ለሆኑ ሴት ሠራተኞቹ የጡት ምርመራ ቀን አዘጋጀ። ማስታወቂያው በየአሳንሰሩ በር ተለጥፎ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ኋላ ላይ የአንሶላ ክፍሏ እትዬ ጉዳዩን ያዙት። እትዬ ዳንፎርዝ በሚባለው ሰፈር አካባቢ የሚኖሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ ግን አልወጣም ያሉ ሴት ናቸው፤ በዚያ ጠረጴዛ የሳቸው ቃል አይታለፍም። «ወይ ሁላችንም እንሄዳለን፣ ወይ ማንም አይሄድም» አሉ። ስለዚህ ሁሉም በምሳ እረፍታቸው ሠርግ እንደተጠራ ሰው ተሰብስበው ሄዱ።

ማታ እናቴ እየሳቀች ነገረችኝ። ሽቶም ሆነ ዲዮድራንት አትቀቡ ተብለው ሳለ ከወጥ ቤቱ ሴቶች አንዷ እንዲያውም ከወትሮው አብዝታ ተቀብታ መጥታ፣ ታጥበሽ ነይ ተብላ ተመለሰች።

«ደግሞ ማሽኑ» አለች እናቴ፣ በሁለት መዳፏ እያሳየችኝ። «እንደ ቂጣ ነው የሚጠፈጥፍሽ።»

«ያማል?»

«ከዚህ በላይ ስንት ነገር ያማል።»

እናቴ የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም። በስልክ የሚወራ እንግሊዝኛ ያስጨንቃታል። ስለዚህ በየሄደችበት የምትሰጠው የኔን ስልክ ነው። ከክሊኒኩ የደወሉትም ለኔ ነበር። ትምህርት ላይ ስለነበርኩ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የደወለችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። በግራ ጡት በኩል በደንብ ያልታየ ቦታ አለ፣ ተጨማሪ ፎቶና አልትራሳውንድ እንፈልጋለን፣ ብዙ ጊዜ ምንም ሆኖ አይገኝም፣ ግን ባይዘገይ ጥሩ ነው አለችኝ። በሽታ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሳይታይ እንዲህ ነው ማለት አልችልም አለች። አመሰገንኳት። ደግሜም አመሰገንኳት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ተመልሼ ገብቼ የቀረውን ማስታወሻ በሙሉ ጻፍኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር።

«እማ፣ ከሆስፒታል ኮል አድርገው ነበር።»

«ሺፍት ቀየሩ?»

«አይደለም፤ የምርመራው ነው። ሌላ ፎቶ ማንሳት ይፈልጋሉ።»

«የመጀመሪያው አልወጣላቸውም?»

«ወጥቷል። አንድ ቦታ በደንብ ለማየት ነው።»

«የቱ ጋ?»

«በግራ።»

ካውያውን አቆመችው። እጅጌውን አገላብጣ እንደገና መተኮስ ጀመረች። «እሺ» አለች። ትንሽ ቆይታ ሽንኩርት ማለቁን ነገረችኝ።

እኔ «እሺ»ዋን እንደ እሺ ወሰድኩት። አፖይንትመንቱን ያዝኩላት። በዚያ ቀን የሌላ ሰው ሺፍት ተቀብላ ስትሠራ ዋለች። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩና ሌላ ቀን አስያዝኩ። ለዚያም ጉንፋን ይዞኛል ብላ ቀረች፤ ግን ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባች። ምሳ ላይ ጓደኞቿ ውጤትሽ እንዴት ሆነ ሲሏት «ደህና ነው» ብላቸዋለች። የሌሎቹ ሁሉ ደህና ነበር። ሦስተኛ ቀን ላስይዝ ስል ስልኬን ከእጄ ላይ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ተይው።»

«ለምን?»

«ያንን ክፍል የማጸዳው እኔ ነኝ» አለች። «ጠዋት ስገባ ሴቶቹ ያንን ሰማያዊ ጋውን ለብሰው ወንበሩ ላይ ተደርድረው አገኛቸዋለሁ። እኔ ስወለውል እግራቸውን ያነሱልኛል። ፊቴን አያዩም፤ ወለሉን ነው የሚያዩት። እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም።»

«ሌላ ሆስፒታል ላስይዝልሽ?»

«ወንበሩ የትም አንድ ነው። በቃ፣ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

አላነሳሁባትም። እፈራለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣም። አውቶቡስ ስጠብቅ ጓንት የረሳሁ ቀን ጣቶቼ መጀመሪያ ያሙኛል፣ ከዚያ የሌላ ሰው ጣት ይመስሉኛል፤ እንደዚያ ነበርኩ። እበላለሁ፣ እማራለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ። እናቴም እንደዚያው ነበረች። ቴሌቪዥን ከፍተን ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ምን እንዳየን ሁለታችንም አናውቅም። ልብሷን ስትቀይር አይኔ ወደ ግራ በኩል እንዳይሄድ እጠነቀቅ ነበር።

አንድ ጠዋት የሥራ መታወቂያዋን ረስታ ወጣች። ከትምህርት በፊት ላደርስላት ሄድኩ። እሷ ፎቅ ላይ ሥራ ይዛ ስለነበር ሊቀበሉኝ በሩ ድረስ የወጡት እትዬ ነበሩ።

«ምነው ከሳሽ?» አሉኝ።

ደህና ነኝ ልል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። ስልኩን፣ የቀረችባቸውን ቀኖች፣ ወንበሩን፣ ሁሉንም እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። ሰው በመካከላችን እያለፈ ይገባል፣ ይወጣል። እትዬ የመታወቂያውን ገመድ ጣታቸው ላይ እየጠመጠሙ ሰሙኝ።

«ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«ደግ። ከዚህ በኋላም ለማንም። የቀረውን ለኔ ተይው። አሁን ትምህርትሽ እንዳያመልጥሽ ሂጂ።»

ሐሙስ ማታ ስልክ ተደወለ፤ በእናቴ ስልክ፣ በምታውቀው ቁጥር። ጋሼ ነበሩ። ጋሼ በሆስፒታሉ የመኪና ማቆሚያ ብዙ ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እዚያ የሚሠራ ሀበሻ ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ወይም ሁለት ሰዎች በሺፍት ቢቀያየሙ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። እናቴ ስታናግራቸው ብድግ አለች።

«እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሆነን እንመጣለን» ሲሉ ይሰማኛል። «ለሽምግልና ነው።»

«በሰላም ነው ጋሼ?»

«በሰላም ነው። ጉዳዩን እዚያው እንነጋገራለን።»

የሽምግልና ጉዳይ በስልክ አይነገርም፤ እናቴም አልጠየቀችም። ስልኩን ዘግታ እኔን አየችኝ።

«ማን ነው?»

«ማን ምን?»

«ልጁ።»

«የቱ ልጅ?»

«አታሹፊብኝ። እኔ የተጣላሁት ሰው የለም። የምታረቀው ባል የለኝም። በዚህ ቤት ውስጥ ሽማግሌ ተልኮ የሚጠየቅ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እማ፣ ማንንም አላውቅም።»

«ገና አንደኛ ዓመት ሳትጨርሺ» አለች፤ ተቀመጠች፣ ተነሳች። «ሐኪም ነው?»

«ማንም የለም እያልኩሽ ነው።»

«ሐኪም ከሆነ ትምህርትሽን አያስተጓጉልም ይሆናል። ቢሆንም አይሆንም።»

ክፍሌ ገብቼ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ያናገሩኝን ወንዶች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። አንዱ የላብራቶሪ መነጽሬን ተውሶኝ መልሷል። ሌላው ሕንጻ የጠፋበት ነበር። ለእትዬ የነገርኳቸው ነገር ትዝ አላለኝም። ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻና ለእርቅ እንደሆነ ነው የማውቀው፤ ለፎቶ ይላካል ብሎ ማን ያስባል?

ሁለቱን ቀን እናቴ ቤቱን ስትፈገፍግ ሰነበተች። ቤቷን እንደ ሆስፒታሉ አጸዳችው፣ ከማዕዘን ጀምራ ወደ በሩ እያፈገፈገች። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለነበር ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ድንቹን ሁሉ ሠራች። ለእምቢታ ይህን ያህል ምግብ ለምን እንደሚያስፈልግ ስጠይቃት «እምቢ የሚባል ሰው በባዶ ሆዱ አይሸኝም» አለችኝ። ከክሊኒኩ ስልክ ወዲህ እንደዚያ ስትንቀሳቀስ አይቻት አላውቅም ነበር።

እሁድ በረዶ ነበር። ጋሼ በጥቁር ካፖርት፣ እትዬ ከካፖርታቸው በላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሆስፒታሉ ውስጥ በሽተኛ የተኛበትን አልጋ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚገፋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ወንደላጤ ፖርተር ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ሳሎኑ መሀል በካልሲ ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለች እናቴ።

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ ጋሼ።

እናቴ በአይኗ ወደ ውስጥ ግቢ አለችኝ። ገባሁ፤ በሩን ግን አልዘጋሁትም።

«ልመና ይዘን መጥተናል» ብለው ጀመሩ ጋሼ። «ሳትሰሚን መልስ አትስጪን።»

እናቴ ግን የተዘጋጀችበት ነገር አፏ ላይ ነበር። «ክብራችሁ በኔ ዘንድ ትልቅ ነው። ልጄ ግን ገና ልጅ ናት። ትምህርቷን ሳትጨርስ ለማንም አልሰጥም። ሐኪምም ቢሆን።»

ፖርተሩ አሳለ። ጋሼ ቀስ ብለው መለሱላት።

«የመጣነው ለልጅሽ አይደለም። አንቺን ልንለምን ነው።»

«እኔን?» አለች እናቴ። ከዚያ ወደ ፖርተሩ ዞረች። «እኔን ለማን?»

«ኧረ እኔ የለሁበትም» አለ ፖርተሩ፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ።

«ለሐኪም ነው» አሉ እትዬ። «ካስያዙልሽ ቀን ሁለቴ ቀርተሻል። ሦስተኛውን እንድትሄጂ ልንለምንሽ መጥተናል።»

እናቴ ሦስቱንም በተራ አየቻቸው።

«ማን ነገራችሁ?»

ከክፍሌ ወጥቼ ከእትዬ አጠገብ ቆምኩ።

«አንቺም?» አለችኝ።

«እኔም።»

«ልንቆጣሽ አልመጣንም» አሉ ጋሼ። «የያዘሽን ነገር ንገሪንና የምንፈታው ከሆነ እንፍታው።»

እናቴ ወንበሩን፣ ጋውኑን፣ እግራቸውን የሚያነሱትን ሴቶች ነገረቻቸው። ለኔ ያልነገረችኝንም ጨመረች። «ከዚያ ክፍል ወጥተው ዘጠነኛ ፎቅ ተኝተው ሊታከሙ የሚገቡ አሉ። ሲጨርሱ ክፍላቸውን የማጸዳው እኔ ነኝ። ባዶ አልጋ ነው የማገኘው። ዛሬ ታድሪበታለሽ፣ ነገ ባዶ ነው። ስንቱን እንደወለወልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«አልጋውን የገፋሁት እኔ ነኝ» አለ ፖርተሩ። እስከዚያ ድረስ ወለሉን እያየ ነበር። «አንዳንዱን ወደ ታች ወስጄዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ብዙዎቹን ግን በዊልቸር ወደ ዋናው በር ነው የወሰድኳቸው። መኪና እየጠበቃቸው፣ ከረጢታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። አንቺ የምትመጪው ከኔ በኋላ ነው። የሞተውም፣ ወደ ቤቱ የሄደውም አልጋው ባዶ ነው።»

እናቴ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጋውኑ ከኋላ ክፍት ነው» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ሁለት አወጣልሻለሁ» አሉ እትዬ። «አንዱን በፊት፣ አንዱን በኋላ ትደርቢዋለሽ። ያልሳሳውን መርጬ፣ እኔው ራሴ አጥፌ።»

«በሠራተኛ ሊፍት በኩል አስገባሻለሁ» አለ ፖርተሩ። «ጠዋት የመጀመሪያዋ ሁኚ። ያን ሰዓት ማንም የለም።»

«ወንበሩ ላይ አልቀመጥም።»

«አትቀመጪ» አሉ ጋሼ። «ይኸው እኛም ቆመናል። ግን የኔ ልጅ፣ ጉልበቴ አርጅቷል። እሺ በይንና እኛ እንቀመጥ።»

«ኧረ ቁጭ ይበሉ ጋሼ።»

«እሺ በይኝ።»

እናቴ የተሠራውን ምግብ አየች፣ እኔን አየች። «እሺ» አለች።

ይህ እሺ ከመጀመሪያው እሺ በምን እንደሚለይ እኔ አላወቅኩም። ጋሼ ግን ልምድ አላቸው። «መቼ?» አሉ። «ማን እያየ?» ማክሰኞ ኦፍ እንደሆነች፣ እትዬም እንደሚገኙ እስኪነገራቸው አልተቀመጡም። ከተቀመጡ በኋላ ብዙ በሉ። ፖርተሩ ሙሽራ የሌለበት እንዲህ ያለ ድግስ በልቶ እንደማያውቅ ተናገረ። እትዬም «አንተ ያለ ሙሽራ ነው የምትኖረው፣ ምን ይገርምሃል?» አሉት። ጋሼ መርቀው ተነሱ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እኔና እናቴ ሳህን አጠብን።

«ገበናዬን አወጣሽብኝ» አለች።

«አዎ።»

«እኔ እኮ ሐኪም መስሎኝ ነበር» አለችና ሳህኑን አቀበለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ እንደተከፈተ ደወልኩ። አንዲት ሴት ስለሰረዘች የማክሰኞው የመጀመሪያ ሰዓት ባዶ ነበር።

ማክሰኞ በሠራተኛው ሊፍት ገባን። ሁለቱ ጋውኖች ታጥፈው ጠብቀዋት ነበር። ለብሳ ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ እኔና እትዬም አጠገቧ። ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። ትንሽ እንደቆየን በእናቴ ቦታ ያን ቀን የተመደበችው ፊሊፒናዊት የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን እየገፋች መጣች። ኮሪደሩ ጠባብ ነው። እናቴ ለመወልወያው መንገድ ለመልቀቅ ወደ ኋላ ስትል ወንበሩ ነካትና ተቀመጠች። እግሯን አነሳች። ሴትዮዋ ከሥሯ ወለወለች፣ ቀና ስትል አወቀቻት። «ጉድ ሞርኒንግ» አለቻት። እናቴም «ጉድ ሞርኒንግ» አለች። ሴትዮዋ እየወለወለች ሄደች። እናቴ ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም፤ ስሟ እስኪጠራ እዚያው ተቀምጣ ጠበቀች።

ከፎቶው በኋላ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ሌላ ቀን ናሙና የሚወሰድበት መርፌ ነበር። ውጤቱን የነገረችን ሐኪም ወጣት ናት። የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ጠራች፤ ትንሽ ነው፣ በጊዜ ነው የተገኘው፣ በእጅ የሚዳሰስ ገና አልሆነም አለች። እኔ ልተረጉም አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቃሉን አውቀዋለሁ» አለች። «ዘጠነኛ ፎቅ በየበሩ ላይ ተጽፏል። ሌላውን ንገሪኝ።»

ሌላውን ነገርኳት። ኦፕራሲዮን፣ ከዚያ ጨረር። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ፈተናሽ መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። መስኮቱ ላይ የሰው ትንፋሽ ነበር፤ ውጪውን ማየት አይቻልም። ከሁለታችን ማንም አላለቀሰም። አለቅሳለሁ ብዬ ወደ ቤት እስክንደርስ ጠብቄ ነበር፤ ቤት ገብተን ምሳ በላን።

ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሴቶች አወቁ፤ እናቴ ራሷ ነገረቻቸው። ምግብ በተራ ያመጡ ነበር፤ ማቀዝቀዣችን የሌላ ሰው ዕቃ ሞልቶበት ክዳኑን ለባለቤቱ መለየት የኔ ሥራ ሆነ። በኦፕራሲዮኑ ቀን አልጋዋን የገፋው ፖርተሩ ነበር፤ ተራው አልነበረም፣ ለምኖ ነው የተቀየረው። ፈተናዬን አልፌያለሁ። ምን እንደተጠየቅኩ ግን አላስታውስም። ሰው እናትሽ እንዴት ናት ሲለኝ ደህና ናት እል ነበር፤ እውነት ነበር፣ ግን ስናገረው የተጻፈ የማነብ ይመስለኝ ነበር።

ሽምግልና የተያዘ ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ በሽማግሌው እጅ ነው። ጋሼ ከያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ይደውላሉ። «ጉዳያችን የት ደረሰ?» ይላሉ። በሽታውን በስሙ አይጠሩትም፤ «ጉዳያችን» ነው የሚሉት። እናቴም እንደ ተራ ጉዳይ ትመልስላቸዋለች።

የመጨረሻውን ጨረር የጨረሰች ቀን ግን እስኪደውሉ አልጠበቀችም። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመን ስልኳን አወጣች።

«ጋሼ፣ ጨረስኩ።»

ስልኩን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም እሰማለሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሞቹ ምን አሉ?»

«ከእንግዲህ በየዓመቱ ፎቶ ነው።»

«ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ።»

«ሽማግሌ ሳይላክ?»

«ሳይላክ።»

«ልጅሽ እየሰማች ነው?»

«እየሰማች ነው።»

«እንግዲያው ጉዳዩ አልቋል» አሉ ጋሼ። «ዘግተነዋል።»

እናቴ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ቦርሳዋን ይዤላት ቆሜ ነበር፤ የሆነ ነገር እስኪሰማኝ ጠበቅኩ። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርን። በእናቴ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 2017፣ በሆስፒታሉ አቆጣጠር ኤፕሪል 11 ቀን 2025፤ አርብ ነበር።